የተሰነጠቀ ጥርስና ሐኪሞቹ

በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ ሎንቼ በምትባል መንደር አጠገብ ከሚገኝ ዋሻ የወጣ የሰው የታችኛው መንጋጋ ቁራጭ ከመቶ ዓመት በላይ በጣሊያን የትሪየስት ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። በክራንቻው ላይ ከአናቱ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ይታያል። ተመራማሪዎች መንጋጋውን በኃይለኛ ራጅ ፈትሸው በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ውጤቱን ሲያወጡ፣ የስንጥቁን የላይኛ ክፍልና በዙሪያው ተሸርሽሮ የተጋለጠውን የጥርሱን አካል የሸፈነ ነገር እንዳለ ገለጹ። ተመርምሮ የንብ ሰም ሆኖ ተገኘ። የመንጋጋው ባለቤት ከ24 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ነበር፤ የኖረውም ከ6,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ተመራማሪዎቹ ሰሙ ከሞት በኋላ የተቀባ ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ሙሉ በሙሉ አልዘጉትም። ሰውየው በሕይወት ሳለ የተደረገለት ከሆነ ግን ለተሰነጠቀ ጥርስ የተሰጠ፣ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ሕክምና ይህ ነው።

ሰሙ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ለመረዳት የጥርስን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። የጥርስ የውጭ ሽፋን ኢናሜል ነው፤ በሰውነት ውስጥ ከእርሱ የሚጠነክር ነገር የለም፣ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ከእርሱ ሥር ያለው ዴንቲን ትንሽ የመተጣጠፍ ባሕርይ አለው፤ ውስጡም በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ መሃል ላይ ያለው፣ ደም ሥርና ነርቭ የያዘው ፐልፕ ሕመሙን ይሰማል። ስንጥቅ ኢናሜሉን አልፎ ዴንቲን ከደረሰ ቀዝቃዛ ውሃም፣ ማርም፣ የማኘክ ግፊትም ያንን ፈሳሽ ያናውጠዋል። ሰም ክፍተቱን ሲዘጋው ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ስንጥቁን ግን አይገጥመውም። የተሰበረ አጥንት ወጌሻ አቃንቶ ካሰረው ራሱን ይጠግናል። ኢናሜልን የሠሩት ሴሎች ግን ጥርሱ ከድድ ብቅ ሲል ሥራቸውን ጨርሰው የጠፉ ናቸውና የተሰነጠቀ ኢናሜል መልሶ አይገጥምም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ያለው ሕክምና ሁሉ ወይ ስንጥቁን መድፈን፣ ወይ ጥርሱን ከውጭ አጥብቆ መያዝ፣ ወይ መንቀል ነው። በየዘመኑ የተለወጠው መድፈኛው፣ ማሰሪያውና መንቀያው ነው። ደግሞም ስንጥቅን ሊያክም የመጣው ዘዴ ራሱ አዲስ ስንጥቅ የፈጠረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ማሰር በጥንታዊቷ ጣሊያን የታወቀ ጥበብ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛውና በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የኤትሩስካውያን አንጥረኞች የተነቃነቁ ወይም ምትክ የገባላቸው ጥርሶችን ከጤነኞቹ ጋር የሚያያይዙ ስስ የወርቅ ቀለበቶች ሠርተዋል፤ ከመቃብር የወጡት ዛሬም በሙዚየሞች ይታያሉ። በአንደኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም የጻፈው ሮማዊው ኬልሱስም በአደጋ የላላ ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር በወርቅ ክር እንዲታሰር ይመክራል። ስለ መንቀል የሰጠው ምክር ደግሞ ለዚህ ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል። ጥርሱ የተቦረቦረ ከሆነ ጉጠቱ ሲጨብጠው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ከመነቀሉ በፊት ቀዳዳው በጨርቅ ክር ወይም በደንብ በተስተካከለ እርሳስ መሞላት አለበት ይላል። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ዘመን ጥርስ የሚሞላው እንዲኖር ሳይሆን ሳይሰባበር እንዲወጣ ነበር። ሥሩ ተሰብሮ ቢቀር የሚወጣበት ልዩ ጉጠትም ነበራቸው።

ተሰብሮ የቀረ ሥር ጉዳይ ከሺህ ዓመት በኋላ በኮርዶባ እንደገና በዝርዝር ተጻፈ። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና መጨረሻ በሙስሊሞች ግዛት በነበረችው እስፔን የኖረው አል-ዛህራዊ፣ አል-ተስሪፍ በሚባለው ትልቅ የሕክምና መጽሐፉ ውስጥ የጥርስ መሣሪያዎችን በሥዕል አስቀምጧል። ሐኪሙ ጥርስ ለመንቀል እንዳይቸኩል፣ የታመመው የትኛው እንደሆነም ሳያረጋግጥ እንዳይነካ አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ ሕመምተኛው በሕመሙ ብዛት ተታልሎ ጤነኛውን ጥርስ ያሳያልና። ሲነቀል ተሰብሮ ለቀረ ሥር ደግሞ ቦታው እስኪለሰልስ ድረስ በቅቤ የተነከረ ጥጥ አንድ ሁለት ቀን እንዲደረግበት፣ ከዚያም ጫፉ የወፍ መንቁር በሚመስል ጉጠት እንዲወጣ ያዝዛል። ሕመምተኛው የሚያሳየው ጥርስ ሁልጊዜ የታመመው አይደለም የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ ስንጥቅን በተመለከተ እስከ ዛሬ እውነት ሆኖ የቆየ ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የጥርስ ሕክምና በአብዛኛው በፀጉር አስተካካዮችና በገበያ ጥርስ ነቃዮች እጅ ነበር፤ የተሰነጠቀ ጥርስ ዕጣም ጉጠት ነበር። ሁኔታው መለወጥ የጀመረው በ1728 ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ስለ ጥርስ ሕክምና ሁለት ቅጽ ያለው መጽሐፍ ሲያሳትም ነው። ፎሻር ጥርስን የሚበላ ትል አለ የሚለውን ጥንታዊ እምነት አልተቀበለም፤ በአጉሊ መነጽር ፈልጎ አላገኘውም። የተቦረቦረ ጥርስን በእርሳስ፣ በቆርቆሮና በወርቅ ይሞላ ነበር። አናቱ ተሰብሮ ሥሩ ለቀረ ጥርስ ደግሞ አዲስ ዘዴ አስተዋወቀ። የሥሩን ቦይ ያሰፋና የወርቅ ወይም የብር ዘንግ በሙጫ አጣብቆ ያስገባበታል፤ በዘንጉ ላይ ሰው ሠራሽ የጥርስ አናት ያቆማል። እንዲህ የተሠራ ጥርስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊያገለግል እንደሚችልም ጽፏል። በዚያ ዘመን የሚሰጠው ሌላው አማራጭ መንቀል ብቻ ስለነበር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ፎሻርን የተከተሉ ሐኪሞች በብረቱ ቦታ እንጨት ተጠቀሙ። ምክንያቱ ሲሰሙት ብልህነት ይመስላል፤ ደረቅ እንጨት በምራቅ ሲርስ ያብጣል፣ ሲያብጥም ሥሩን ሞልቶ ያለ ሙጫ ይይዛል። ችግሩ ማበጡን የሚያቆምበት ቦታ ሐኪሙ የሚወስነው አለመሆኑ ነው። ብዙ ሥሮች ከውስጥ ተገፍተው ለሁለት ተሰነጠቁ፤ የተሰነጠቀ ሥር ደግሞ በዚያ ዘመን ማንም ሊያድነው አይችልም ነበር። በ1746 ክሎድ ሙቶን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ የጥርሱን አናት ከላይ የሚሸፍን የወርቅ ቆብ ገለጸ፤ በ1756 ደግሞ በበርሊን የፕራሻው ንጉሥ ሐኪም ፊሊፕ ፕፋፍ የተጋለጠ ፐልፕን በወርቅ ቅጠል ሸፍኖ ጥርሱን በሕይወት ለማቆየት ሞከረ። የዛሬው ሐኪም ለተሰነጠቀ ጥርስ የሚያደርጋቸው ሁለት ዋና ነገሮች፣ ጥርሱን ከላይ ማልበስና ፐልፑን መጠበቅ፣ በእነዚህ ሁለት ሙከራዎች ውስጥ በጥሬው ይገኛሉ።

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ርካሽ መሙያ ይዞ መጣ። በ1826 በፓሪስ ኦጉስት ታቮ የብር ሳንቲም ፍቅፋቂን ከሜርኩሪ ጋር ለውሶ ጥርስ መሙላት ጀመረ። አማልጋም የሚባለው ይህ ልውስ ለስላሳ ሆኖ ይገባና በቀዳዳው ውስጥ ይደነድናል፤ ወርቅ ቀጥቅጦ ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜም ወጪም አያስፈልገውም። በ1833 ክሮከር የተባሉ ወንድማማቾች ይህንኑ ወደ ኒው ዮርክ ወስደው በታላቅ ማስታወቂያ ሸጡት። በ1840 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ አማልጋም እንዳይጠቀሙ ቃል እንዲፈርሙ እስከማስገደድ ደረሰ፤ ጠቡም ማኅበሩን ከፋፍሎ በ1856 አፈረሰው። ክርክሩ በሜርኩሪ መርዛማነት ላይ ያተኮረ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው አማልጋም ሌላ ነውር ነበረበት። ሲደነድን ያብጥ ነበር። በጥርሱ ውስጥ ሆኖ እየሰፋ ግድግዳውን ይገፋል፤ አንዳንዴም ይሰነጥቀዋል። እንደ እንጨቱ ዘንግ ሁሉ እዚህም ሰንጣቂው መድኃኒቱ ነው።

ይህን ያስተካከለው አሜሪካዊው ግሪን ቫርዲማን ብላክ ነው። ለዓመታት ብረቶችን በተለያየ መጠን እየቀላቀለ ሲፈትን ቆይቶ በ1895 የማያብጥና የማይኮማተር አማልጋም ቀመር አወጣ፤ ቀመሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት መሠረት ሆኖ አገለገለ። ብላክ ግን ሌላ ትምህርትም አስተምሯል። ብስባሱ እንዳይመለስ መቦርቦሪያው ከበሰበሰው ክፍል አልፎ በጥርሱ አናት ላይ ያሉትን ስርጉድ መስመሮች ሁሉ እንዲያካትት ይመክር ነበር። ለዘመኑ ተገቢ ምክር ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን የጥርሶቹ ጉብታዎች ናቸው። መሃሉ ሰፍቶ የተቆፈረ የመንጋጋ ጥርስ ጉብታዎቹ ድጋፍ አጥተው ይቀራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጠንካራ ሙሌት በእያንዳንዱ ንክሻ፣ ሽብልቅ እንጨትን እንደሚፈልጥ፣ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። አማልጋም ከጥርሱ ጋር የማይጣበቅ በመሆኑ ሁለቱን ወገን አስሮ አይይዝም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐኪሞች ያዩአቸው የተሰነጠቁ ጥርሶች ብዙዎቹ ከልጅነት ጀምሮ እንዲህ ተቆፍረው የተሞሉ ነበሩ።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሌሎች መሣሪያዎችም ተሰባስበው ነበር። በ1838 ኤድዋርድ ሜይናርድ የሰዓት ሞላ ሞርዶ በጥርስ ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን መሣሪያ ሠራ። በ1846 በቦስተን ዊልያም ሞርተን በኤተር ማደንዘዝን በቀዶ ሕክምና ላይ በአደባባይ አሳየ፤ ጥርስ ሐኪም ነበር። በ1864 በኒው ዮርክ ሳንፎርድ ባርነም የጎማ ልባስ በጥርሱ ዙሪያ ወጥሮ ከምራቅ ለየው፤ በ1867 ደግሞ ጉታ ፐርቻ የተባለ የዛፍ ሙጫ ሥሮችን ለመሙላት ዋለ። በ1871 ጄምስ ሞሪሰን በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ አስመዘገበ። በ1880 ገደማ ካሲየስ ሪችመንድ ዘንጉንና አናቱን አንድ ያደረገ አክሊል ሠራ፤ በ1889 በዲትሮይት ቻርልስ ላንድ የፖርሰሊን ሽፋን የባለቤትነት መብት አገኘ። ሽፋን በአጭሩ ጥርሱን ዙሪያውን ሞርዶ ከላይ አዲስ ቆብ ማልበስ ነው፤ ቆቡ እስከ ድድ ድረስ ጥርሱን ስለሚያቅፈው ሲነከስ የተሰነጠቁት ክፍሎች እንዳይራራቁ ይይዛቸዋል። ለብዙ ዘመን የወርቅ ቆብ የክብር ጌጥ የሆነባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ያገኙት ከዚሁ ዘመን ዕውቀት ነው።

በኅዳር 1895 ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን አገኘ፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥር 1896፣ ጀርመናዊው ኦቶ ቫልክሆፍ የራሱን ጥርስ ራጅ አነሣ። ለአንድ ምስል 25 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። በኒው ኦርሊንስ ኤድመንድ ኬልስ ራጅን ለሥር ሕክምና፣ ማለትም የታመመ ፐልፕን አውጥቶ ሥሩን ለመሙላት፣ በማዋል ግንባር ቀደም ሆነ፤ ጨረሩ እጁን በካንሰር አጥቅቶት ለዓመታት ከተሰቃየ በኋላ በ1928 ራሱን አጠፋ። ራጅ የበሰበሰ ጥርስንና በሥር ጫፍ ያለ መግልን ለማየት ዓይን ሆነ። ስንጥቅን ግን አላሳየም። የመንጋጋ ጥርስ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ነው፤ የራጁ ፊልም የሚቀመጠው በጥርሱ የጎን ገጽ በኩል በመሆኑ ጨረሩ ስንጥቁን በጎኑ ይመታውና ምስሉ ላይ መስመር አይወጣም። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ጥርሱ ደህና ነው ይላል፤ ሕመምተኛው ግን ማኘክ አይችልም።

በዚህ መካከል ለጥርሶች ክፉ ዘመን መጣ። በ1910 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር በካናዳ ሞንትሪያል ባደረገው ንግግር፣ የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች በበሰበሱ ሥሮች ላይ የሚደፉትን የወርቅ ሽፋን የበሽታ ምንጭ ነው ሲል አጥብቆ ነቀፈ። ቀጥሎም ከጥርስ ሥር የሚነሣ ኢንፌክሽን መገጣጠሚያን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል የሚል አስተሳሰብ ተስፋፋ። የነቀፌታው መነሻ እውነት ነበረው፤ ያለ ጎማ ልባስና ያለ ንጽሕና የተሠሩ ሥራዎች ብዙ ነበሩ። መፍትሔው ግን ጅምላ ነቀላ ሆነ። ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ጥርሶች በስፋት ተነቀሉ፤ በስንጥቅ ምክንያት ፐልፑ የታመመ ጥርስም ሌላ ዕድል አልነበረውም። ጥናቶች አስተሳሰቡን የሸረሸሩት በ1930ዎቹ ነው። በ1943 የሥር ሕክምና ባለሙያዎች በአሜሪካ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1963 ዘርፉ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኖ ታወቀ።

ስንጥቁ ራሱ እንደ በሽታ የተቆጠረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1954 ጊብስ የተባለ ሐኪም ጉብታው ሳይወድቅ የተሰነጠቀ ጥርስ የሚያመጣውን ሕመም ገለጸ። በ1964 ደግሞ ካሪል ካሜሮን በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የተሰነጠቀ ጥርስ ሲንድረም የሚለውን ስያሜ ሰጠ። ገለጻው ብዙ ሐኪሞች ያዩትንና ያልገባቸውን ነገር አንድ ቦታ ሰበሰበው። ሕመሙ ስለታምና ድንገተኛ ነው፤ ጠንካራ ነገር ሲነከስ፣ ይልቁንም ንክሻው ሲለቀቅ ይመጣል። ቀዝቃዛ ነገር ያባብሰዋል። ሕመምተኛው የትኛው ጥርስ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ማሳየት አይችልም፤ ራጁም ምንም አያሳይም። እንዲህ ያለው ሰው ከሐኪም ሐኪም እየዞረ፣ ጤነኛ ጥርሱን እያስነቀለ ወይም የፊት ነርቭ ሕመም አለብህ እየተባለ ወራት ሊያሳልፍ ይችል ነበር። ልምድ ያለው ሐኪም ግን ሕመሙ ሲለቀቅ መምጣቱን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ሲነከስ ሁለቱ ክፍሎች ጥቂት ይራራቃሉ፤ ሲለቀቅ ተመልሰው ሲገጥሙ በዴንቲን ቱቦዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ በድንገት ይገፋል፣ ነርቩም ይነዝራል።

የምርመራው ሥነ ሥርዓትም በዚህ ዘመን ቅርጽ ያዘ፤ ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐኪሙ ትንሽ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መንከሻ በአንድ ጉብታ ላይ ብቻ አስቀምጦ ያስነክሳል፤ ከዚያ በቀጣዩ ላይ፣ ከዚያ በሚቀጥለው፤ ሕመሙ የሚመጣበት ጉብታ ስንጥቁን ይጠቁማል። ቀጥሎ ብርቱ መብራት ከጥርሱ ጎን ይበራል። ጤነኛ ጥርስ ሙሉ በሙሉ ይደምቃል፤ የተሰነጠቀው ግን ብርሃኑ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ይቆምና ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ይጨልማል። አስፈላጊ ከሆነ አሮጌው ሙሌት ይወጣና ሰማያዊ ቀለም ይቀባል፤ ታጥቦ ሲደርቅ በስንጥቁ ውስጥ የገባው ቀለም እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ የመዳብ ወይም የብረት ቀለበት በጥርሱ ዙሪያ ይጠበቅበታል። ሕመሙ በዚያው ከጠፋ ምርመራውም ተረጋገጠ፣ ሕክምናውም ተጀመረ ማለት ነው። በስንጥቅ በብዛት ከሚጎዱት ውስጥ የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ቀዳሚ ናቸው፤ መንስኤዎቹም ትልልቅ ሙሌቶች፣ በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨት፣ በረዶ ወይም አጥንት መቆርጠም ናቸው። በኢትዮጵያ ቆሎ ውስጥ ተደብቃ የተገኘች ጠጠር ስንት ጥርስ እንዳጠፋች የሚቆጥር የለም።

ስያሜው በወጣበት ዘመን መሣሪያዎቹም ተለውጠው ነበር። በ1957 በዋሽንግተን ጆን ቦርደን በአየር ኃይል በደቂቃ ወደ 300,000 ጊዜ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ጥርስን ለሽፋን መሞረድ የሰዓታት ስቃይ መሆኑ ቀረ። ከ1948 ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለው ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ሥራውን ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም አቀለለው። ይበልጥ ጥልቅ ለውጥ ያመጣው ግን በ1955 በሮቸስተር ማይክል ቦኖኮር ያሳየው ነገር ነው። ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሴኮንድ ቢነኩት ገጹ ሻካራ ሆኖ ሬዚን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ሙጫ አጥብቆ ይይዛል። በ1962 ራፋኤል ቦወን ጥንካሬ ያለው ሬዚን አስመዘገበ፤ የዛሬው ነጭ ሙሌት፣ ኮምፖዚት የሚባለው፣ ከዚህ ተወለደ። በ1979 ጃፓናዊው ታካኦ ፉሳያማ ዴንቲንንም በአሲድ አዘጋጅቶ ማጣበቅ እንደሚቻል አሳየ። ከኬልሱስ ዘመን ጀምሮ ሙሌት ቀዳዳ ይደፍን ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱን የጥርስ ወገኖች አያይዞ መያዝ ቻለ። በ1985 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቨርነር መርማን በኮምፒውተር የተቀረጸ የሴራሚክ ሙሌት በአንድ ቀጠሮ ሠርቶ አስገባ፤ ጉብታዎችን ብቻ የሚሸፍኑ ቁጠባ ያላቸው ልባሶችም ተስፋፉ።

ማጣበቅ ብቻውን ግን አልበቃም። በኔዘርላንድስ የተሠራና በ2008 የታተመ ጥናት የሚያሙ የተሰነጠቁ ጥርሶችን በኮምፖዚት ሞልቶ ለሰባት ዓመት ተከታተለ። ጉብታዎቻቸው በኮምፖዚቱ የተሸፈኑት በጊዜው አልተበላሹም፤ ጉብታቸው ሳይሸፈን መሃላቸው ብቻ የተሞላው ግን በየዓመቱ 6 በመቶ ያህሉ ከሸፉ። ጉብታው ካልተሸፈነ ንክሻው መለያየቱን አያቆምም። የሙቶን የወርቅ ቆብ ሐሳብ ከ260 ዓመት በኋላ በቁጥር ተደገፈ ማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ የሥር ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር ስንጥቆችን በአምስት ደረጃ ከፈላቸው፤ ሕክምናው ከዚያ ወዲህ በዚህ መሰላል ይወሰናል። የመጀመሪያው በኢናሜል ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን መስመር ነው፤ በአብዛኞቹ አዋቂዎች ጥርስ ላይ ይገኛል፣ ሕክምናም አያሻውም። ሁለተኛው ጉብታው ብቻ ተሰንጥቆ ወይም ወድቆ የቀረ ነው፤ ልባስ ወይም ሽፋን ይበቃዋል፣ ፐልፑም ብዙ ጊዜ አይነካም። ሦስተኛው፣ እውነተኛው የተሰነጠቀ ጥርስ፣ ከአናቱ ወደ ሥሩ የሚወርድ ነገር ግን ገና ያልተከፈለ ስንጥቅ ያለበት ነው። አራተኛው ስንጥቁ ጥርሱን ለሁለት የለየው ሲሆን ክፍሎቹ ተለያይተው ይንቀሳቀሳሉ። አምስተኛው ከሥሩ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ በተሞላ ጥርስ ላይ ይከሰታል፤ ሥሩን ከመጠን በላይ ማስፋትና በውስጡ ወፍራም ዘንግ ማስገባት ያመቻቹታል። ከእንጨቱ ዘንግ የተወረሰው ችግር በብረቱ ዘንግም ተከትሎ መጣ።

ትልቁ ክርክር በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ፐልፑ ተቆጥቷል፣ ግን ያገግም ይሆን? በ2007 ክሬልና ሪቬራ በአሜሪካ ባወጡት የስድስት ዓመት ጥናት፣ ፐልፑ ያገግማል ተብሎ ሽፋን ከተደረገላቸው 127 የተሰነጠቁ ጥርሶች ውስጥ 21 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ የሥር ሕክምና አስፈለጋቸው። ቀሪዎቹ ሳይነኩ ቆዩ። ይህ ግኝት እያንዳንዱን የተሰነጠቀ ጥርስ ነርቩን ካላወጣሁ የሚለውን ሐኪም ክርክር አዳከመው። የሥር ሕክምና ግድ የሆነባቸው ጥርሶችስ? በ2006 የታተመ የሲንጋፖር ጥናት 50 እንዲህ ያሉ ጥርሶችን ተከታትሎ ከሁለት ዓመት በኋላ 85.5 በመቶው በአፍ ውስጥ እንደነበሩ አስመዘገበ። ዕጣቸውን የሚወስነው የስንጥቁ ጥልቀት ነው። በድዱ ጠርዝ በቀጭን መለኪያ ሲፈተሽ በአንድ ቦታ ብቻ ጠባብና ጥልቅ ኪስ ከተገኘ፣ ስንጥቁ ወደ ሥሩ ወርዶ አጥንቱን ማጥፋት ጀምሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ጥርስ ተስፋው ይመነምናል።

ስንጥቁን በቀጥታ የማየት ችሎታ የመጣው ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው። ከ1998 ጀምሮ በአሜሪካ የሥር ሕክምና ስፔሻሊስት የሚሆን ሁሉ በማይክሮስኮፕ መሥራትን እንዲሠለጥን ተደረገ። የፐልፑ ክፍል ተከፍቶ ወለሉ ሲታይ ስንጥቁ ወለሉን ካቋረጠ ብዙ ሐኪሞች ሥራውን እዚያው አቁመው ነቀላን ይመክራሉ፤ ግድግዳው ላይ ብቻ ካቆመ ይቀጥላሉ። ከመነሻው የተሰነጠቀ ጥርስ በአፍ ውስጥ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ለሕመምተኛው በግልጽ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ነው።

ለሁለት የተከፈለ ጥርስ እስከ ዛሬ እንደ ነበረ ሊድን አይችልም። ስንጥቁ ዝቅ ብሎ ካልሄደ ተንቀሳቃሹ ክፍል ወጥቶ ቀሪው ይሸፈናል፤ ሁለት ሥር ያለው የታች መንጋጋ ከሆነ የተጎዳው ሥር ከነግማሽ አናቱ ተቆርጦ ሌላው ግማሽ እንደ ትንሽ ጥርስ ሊያገለግል ይችላል። ሥሩ በቁም ለተሰነጠቀ ጥርስ ደግሞ በጃፓን ተመራማሪዎች ደፋር ሙከራ አድርገዋል። ጥርሱን በጥንቃቄ ነቅለው ከአፍ ውጭ ስንጥቁን በሬዚን አጣብቀው መልሰው በቦታው ተክለዋል፤ የተወሰኑት ለዓመታት አገልግለዋል፣ ዘዴው ግን እንደ መደበኛ ሕክምና አልተስፋፋም። በአብዛኛው ነቀላው ይከተላል። ከነቀላ በኋላ የሚመጣውን ባዶ ቦታ የለወጠው ደግሞ ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው። ታይታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ደርሶበት በ1965 የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በታይታኒየም ሥር አከመ፤ በ1982 በቶሮንቶ የተደረገ ጉባኤ ዘዴውን ለዓለም አስተዋወቀ። ሐኪሞች ቀላል ምትክ ካገኙ በኋላ ሊድን የሚችለውንም ጥርስ ለመንቀል መቸኮላቸው አልቀረም፤ ከሃንተር ዘመን ጋር ባይመሳሰልም ፈተናው ተመልሶ መጥቷል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰዎችን በየቤታቸው ሲያስቀምጥ በኒው ዮርክና በሌሎች ከተሞች ያሉ ጥርስ ሐኪሞች የተሰነጠቀ ጥርስ ይዘው የሚመጡ ሕመምተኞች መብዛታቸውን መናገር ጀመሩ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባካሄደው መጠይቅም አብዛኞቹ ሐኪሞች ጭማሪውን አረጋግጠዋል፤ ጭንቀት፣ በሌሊት ጥርስ ማፋጨትና በአልጋ ላይ ወይም በሶፋ ተጎንብሶ መሥራት ለምክንያትነት ተጠቅሰዋል። ለብዙዎቹ የታዘዘው ሌሊት የሚጠለቅ የፕላስቲክ መከላከያ ነበር፤ ስንጥቁን አይጠግንም፣ ግን ከሚቀጥለው ንክሻ ይታደገዋል። ዛሬ በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ራጅ ስንጥቁ ያጠፋውን አጥንት ያሳያል፤ ስንጥቁን ራሱን ግን ከመሣሪያው የማሳየት አቅም በታች ቀጭን በመሆኑ ብዙ ጊዜ አያሳየውም። ስለዚህ በዘመናዊው ክሊኒክም ምርመራው አሁንም በትንሽ መንከሻ፣ በአንድ መብራትና በሰማያዊ ቀለም ይጀመራል፤ ሐኪሙ ጥርሱ ላይ ጊዜያዊ ቀለበት ወይም ጊዜያዊ ሽፋን አድርጎ ሕመሙ ጸጥ ይል እንደሆነ ለጥቂት ሳምንት ይጠብቃል፤ ጸጥ ካለ ቋሚውን ሽፋን ያስገባል፣ ካላለ ወደ ሥር ሕክምና ይሻገራል።